የአቶ ብሩኒንግ ኮከቦች

በጀርመኗ የወደብ ከተማ ኤምደን ውስጥ፣ ከቦዩ ማዶ ባለው ሰፈር፣ በጌዚነ ታመን ዳቦ ቤት ባንኮኒ ላይ መቆም ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ስሜ ኢልካ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስለ ዳቦ ቤታችን ያነበበ ሰው ግን በስሜ ሳይሆን በፈገግታዬ ነው የሚያውቀኝ። «ሻጯ ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ዓይኗ ጋ አይደርስም። ሁለት ከአምስት።» እንዲህ ብለው የጻፉት አቶ ሃርትቪግ ብሩኒንግ ናቸው።

አቶ ብሩኒንግ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሥጋ ሻጩም ዓሣ ሻጩም ደንበኛውን እንዳያታልል ሠላሳ ስምንት ዓመት ገበያ ለገበያ ሲዞሩ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ የሚቆጣጠሩት ነገር ጠፋ። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። እኛ ነበርን።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አራት ትንንሽ ዳቦና ግማሽ ጥቁር ዳቦ ይገዛሉ፤ ረፋዱ ላይ ፍርዳቸው ይወጣል። «ዋጋ፦ አምና ሠላሳ ስምንት ሳንቲም የነበረው ዳቦ አርባ ሁለት ገብቷል። ዳቦው ግን አላደገም። ጥራት፦ ቅርፊቱ ሲቆረስ መንኮሽኮሽ ሲገባው ዝም ይላል። መስተንግዶ፦ ከፊቴ የነበሩት ሴት ስለ ልጃቸው ፍቺ አራት ደቂቃ አወሩ። ሻጯም ሰማቻቸው።» መስማቴ ነው እንግዲህ ጥፋቱ። በጠቅላላው ሁለት ኮከብ።

ደንበኛ ቀነሰብን ማለት ግን አይደለም። ሰዉ የእኛን ዳቦ እየበላ ነበር ፍርዱን የሚያነበው። አንዳንዱማ ገና ከበሩ ሳይወጣ ዳቦውን ጆሮው ሥር ቆርሶ ማዳመጥ ጀመረ። የምትቃጠለው ጌዚነ ነበረች። ዳቦ ቤቱን ከአባቷ የወረሰች፣ ክንዷ እንደ ምሰሶ የሆነ ሴት ናት። ሰኞ ሰኞ አስተያየቱን ታነብና ሊጡን እንደ ባላጋራ ትጠፈጥፈዋለች። ዳቦው የሚያምረው ሰኞ ነው፤ አቶ ብሩኒንግ ደግሞ የሚመጡት ቅዳሜ።

ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ ወረፋው እስከ በሩ ተሰልፎ ሳለ፣ አቶ ብሩኒንግ ከቦርሳቸው ትንሽዬ ሚዛን አውጥተው ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጡና አራቱን ዳቦ አንድ በአንድ መመዘን ያዙ።

«ይቺ ሦስተኛዋ አራት ግራም ትጎድላለች» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«ልቀይርልዎት?»

«የሚቀየረውማ አሠራራችሁ ነው፣ የኔ እመቤት።»

ጌዚነ እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሳ ከጓዳ ወጣች። «አቶ ብሩኒንግ፣ ዕቃዎን ይሰብስቡ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ድርሽ እንዳይሉ!»

«በጽሑፍ ይሰጠኝ።»

ጌዚነ የዳቦ ከረጢት መዝዛ እገዳውን ጻፈችበትና ወረወረችላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት።

«ቀን የለውም» አሉ።

ቀን ጻፈችበት። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

ተገላገልን ብለን ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ፍርዱ እንደወትሮው ወጣ። «ጸሐፊው በአስተዳደራዊ ምክንያት በአካል መገኘት ባይችሉም ናሙናው በታማኝ ሰው በኩል ደርሷቸዋል» ይላል። ታማኟ ሰው ከቦዩ ወዲያኛው ዳር፣ ከእሳቸው ቤት ሥር ምድር ቤት የሚኖሩት ወይዘሮ ኦልትማንስ እንደሆኑ ብዙም ሳይቆይ ሰማን። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። በሰኔ ወር ኮከቡ ሦስት ሆነ፣ ቀጥሎ ሦስት ተኩል። «ቅርፊቱ በመጨረሻ መንኮሽኮሽ ጀምሯል። ሻጯም እንደ ምስክሬ ቃል ትሁትና ፈጣን ሆናለች።» አራት ኮከብ ያገኘን ዕለት ጌዚነ ወረቀቱን አሳትማ፣ በመስታወት አስገብታ፣ ከገንዘብ መቀበያው በላይ ሰቀለችው።

«አየሽ» አለችኝ፣ ራቅ ብላ እያየችው፣ «ሰው ሲገሩት ይገራል።»

«ምን የለወጥነው ነገር አለ?» አልኳት።

«ምንም። እኛማ ድሮም ጥሩ ነበርን። ማየት የጀመረው እሱ ነው።»

እኔም ብሆን የፈገግታዬ ነጥብ አራት መግባቱን ለእህቴ በስልክ አልነገርኳትም አልልም። ወይዘሮ ኦልትማንስን ባንኮኒው ላይ አይቻቸው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። ትዝ አላለኝም። የሚያመሰግን ሰው ምስክር አይጠየቅም መሰለኝ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ እንደየዓመቱ ለሁለት ሳምንት ዘጋን። ጌዚነ ቦርኩም ደሴት ሄደች፤ እኔ እርሾው እንዳይሞት ዱቄትና ውሃ እየጨመርኩ እንድመግበው ቁልፉ ተሰጠኝ። በሩ ላይ «ዕረፍት ላይ ነን» የሚል ወረቀት ለጠፍን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰገነቴ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ብከፍት አዲስ ፍርድ ወጥቷል።

«በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ምርጡ ሳምንት። ዳቦው ትኩስ፣ ዋጋው ምክንያታዊ። መስተንግዶውን በተመለከተ፦ ወረፋ የለም፣ ወሬ የለም። ቤቱ የኔን ምክር እንደሰማ ግልጽ ነው። አራት ተኩል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምሳ ሳይደርስ ሰፈሩ በሙሉ አንብቦታል። ከሥሩ አንዱ «እውነት ነው፣ ዛሬ በዚያ ሳልፍ ወረፋ የሚባል አልነበረም» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ «ሻጯ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም» አለች። ጌዚነ ከደሴቱ ደወለች። በሳቅ የምትፈነዳ መስሎኝ ነበር።

«ኢልካ፣ ያ አራቱ ኮከብ የማን ዳቦ ነው?» አለችኝ።

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

«ያን ወረቀት ከግድግዳው አውርጅልኝ። አሁኑኑ።»

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ላወርድ፣ እርሾውንም ልመግብ ስሄድ አቶ ብሩኒንግ በሩ ላይ ቆመው ማስታወቂያውን ያነባሉ። ከእገዳው ወዲህ ቦዩን ተሻግረው አያውቁም ነበር። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተዘጋው?»

«ከሰኞ።»

«እኔ ግን ዛሬ ጠዋት አራት ዳቦ በልቻለሁ።»

«እንዴት ነበር?» አልኳቸው። ነውር ነው፤ ግን አመለጠኝ።

ዞረው ሄዱ። እኔም እርሾውን ትቼ ተከተልኳቸው፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ መቼ ይመጣል! በቦዩ ላይ ያለው የእግረኛ ድልድይ በዚህም በዚያም ደረጃ አለው። አሥራ ስድስት መውጫ፣ አሥራ ስድስት መውረጃ። አቶ ብሩኒንግ መሃል ላይ ቆም ብለው ተነፈሱ።

ወይዘሮ ኦልትማንስ በምርኩዛቸው ተደግፈው በሩን ከፈቱልን። ከኋላቸው ጠረጴዛው ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያው በአበባ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ሁለት ስኒ ቀርቧል።

«ወይዘሮ ኦልትማንስ፣ ያ ዳቦ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከታች ካለው ሱፐርማርኬት ነዋ!» አሉ፣ ምንም ሳይደነግጡ።

«ከረጢቱስ?»

«ከረጢት መች አጣሁ! የታመንን ከረጢት ባሌ በሕይወት ሳለ ጀምሮ በመሳቢያ አጣጥፌ አኑሬአለሁ።»

«ስለ ሻጯ ስጠይቅዎትስ? ትሁት ናት አላሉኝም?»

«ናታ! የሱፐርማርኬቷ ልጅ እኮ ወርቅ ናት፣ ዕቃዬን እስከ በር ትሸኝልኛለች።» ወደኔ ዘወር አሉ። «አንቺን ማለቴ አልነበረም የኔ ልጅ፣ አይክፋሽ።»

«ለትክክለኛው ዳቦ የሰጠሁዎት ገንዘብ?»

«የሻይዎን ስኳር ገዛሁበት። ሦስት ማንኪያ እኮ ነው የሚጨምሩት!»

አቶ ብሩኒንግ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ማታለል ነው ይሄ። ለምን ድልድዩ ይከብደኛል አላሉኝም?»

«እርስዎ መች ጠየቁኝና? ይሄው ሁለት ወር ሙሉ ስለ ቅርፊቱ ጠየቁኝ፣ ስለ ሻጯ ፈገግታ ጠየቁኝ። ምርኩዜን ግን አላዩትም። እምቢ እንዳልልዎት ደግሞ ዳቦው ከቀረ እርስዎም አይመጡም። ቅዳሜ ሰው የሚመጣልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ዕድሜ ልካቸውን ግራም ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ዓይናቸውን ወደ ምርኩዙ ዝቅ አደረጉ። እኔም የማያገባኝ ቦታ መቆሜ ያን ጊዜ ገባኝና ደህና ዋሉ ብዬ ወጣሁ። በሩ ሲዘጋ ወይዘሮ ኦልትማንስ «እንግዲህ ይቀመጡ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል» ሲሉ ሰማሁ።

በማግስቱ ማረሚያ ወጣ። ሦስት ገጽ ነው። «ጸሐፊው ባልሄዱበት ቤት፣ ባላዩት ሰው፣ ባልተጋገረ ዳቦ ላይ ፈርደዋል። የቀደሙት ስምንት ፍርዶች ተሰርዘዋል» ይላል። ሁለት የፊደል ግድፈት ነበረበት፤ እሳቸው ሲሳሳቱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጌዚነ ከደሴቱ ስትመለስ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ግን የከፈትን ዕለት ወደ ጓዳ ብገባ፣ የሱፐርማርኬቱን ዳቦ በሁለት እጇ ይዛ ጆሮዋ ሥር ስትቆርስ ደረስኩባት። አየችኝ።

«በሩን ዝጊው» አለች።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የእኛ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ተጨማሪ ይቆያል። «ለምን?» ብዬ አልጠየቅኳትም። ዋጋውም አርባ አምስት ሳንቲም ገባ፤ እሱንም አልጠየቅኩም።

መስከረም ላይ ሁለቱ አዛውንቶች ተያይዘው መምጣት ጀመሩ። አቶ ብሩኒንግ በድልድዩ ላይ ክንዳቸውን ይሰጧቸዋል፤ በየአራት ደረጃው ይቆማሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ እሳቸው ሴትዮዋ ብቻ ይግቡ ብለው ውጭ ይቀራሉ። እገዳ እገዳ ነው። ጌዚነ ለአራት ቅዳሜ በመስታወቱ ስታያቸው ቆየች። በአምስተኛው ዝናብ ከባሕር በኩል በነፋስ ተገፍቶ መጣ።

«አስገቢያቸው» አለችኝ፣ ሳታየኝ። «ወለሉን ግን እንዳያበሰብሱ።»

ገቡ። ወረፋው ሁሉ ምን ይሉ ይሆን እያለ ይጠብቃል። አቶ ብሩኒንግ አራት ዳቦ ገዙ፣ አመሰገኑ፣ ሌላ አልጨመሩም። ጌዚነ ግን አላስቻላትም፤ ወደ ወይዘሮ ኦልትማንስ ጎንበስ አለች።

«እውነቱን ይንገሩኝ እስቲ፣ እርስዎ ሁለቱንም በልተዋል። የቱ ይሻላል?»

«የናንተ ቅርፊቱ ጥርሴን ይነቀንቀዋል» አሉ። «የሱፐርማርኬቱ ለስላሳ ነው።»

ጌዚነ አንገቷ ድረስ ቀላች። ከዚያ ወደ ጓዳ ተመልሳ ገባችና የመጋገሪያ ምድጃውን ከፍታ፣ ገና ያልጠነከሩ፣ ነጫጭ የሆኑ አራት ዳቦዎች አምጥታ በከረጢት ሰጠቻቸው።

«እነዚህን ይሞክሩ» አለች።

ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ለወይዘሮ ኦልትማንስ ብቻ አራት ዳቦ ቀድመን እናወጣለን። አቶ ብሩኒንግ ስለ እኛ መጻፍ ትተዋል። አሁን የሚጽፉት ስለ ከተማው አውቶቡስ ነው፤ ሾፌሮቹ ሲያዩአቸው ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ አሉ።