ውሃው ታመመ

ሮተም ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ልጄ ጫማዋን ሳታወልቅ የምትቀመጠው መጥፎ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሳይኖርም የምጠብቅ ሰው ነኝ።

"አባረሩሽ?" አልኳት።

"ኢማ፣ ዳይ፣ በቃሽ! ገና ነው።"

"ገና" ስትል አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሁለታችንም የምንሠራው እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ነበር። እሷ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ እኔ በቀብላን፣ በሠራተኛ አቅራቢ፣ በኩል ተቀጥሬ ፎቆቹን አጸዳለሁ። ኃላፊዋ ዶክተር ኖጋ ለግርሻ በሽታ፣ ለተመላላሹ ትኩሳት፣ አዲስ የምርመራ ዘዴ እያዘጋጀች ነበር። ከአንድ ጠብታ ደም የተዋሲያኑን ዘር ያወጡና ማሽኑ እስኪታወቅ ድረስ ያባዛዋል። ሥራው ሲያልቅ ጎንደር ላለ አንድ ላቦራቶሪ በነጻ ሊሰጡት ነው። ወንድሜ ጀምበሩ ጎንደር ሆነን ወደ እስራኤል መምጫችንን ስንጠብቅ በትኩሳት ሞተ። ምን ትኩሳት እንደነበረ የነገረን ሰው የለም። ስለዚህ ሮተም እዚህ ሥራ ስትገባ በጣም ደስ አለኝ፤ የደስታዬን ያህልም ፈራሁ።

"ውሃው ታመመ" አለችኝ።

"የምን ውሃ?"

"በየዙሩ ከደሙ ጋር አንድ ብልቃጥ ንጹሕ ውሃ እናስገባለን። ውሃ በሽታ የለበትም፤ ማሽኑ ዝም ማለት አለበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃው ግርሻ አለበት እያለን ነው። ውሃው ከታመመ የሰዉን ውጤት ማን ያምናል?"

"እና አንቺ ምን አደረግሽ?"

"ኖጋ ከእኔ እጅ የመጣ ይመስላታል። ንጹሑ ክፍል ውስጥ የምርመራውን መድኃኒትና ውሃ የማዘጋጀው እኔ ብቻ ነኝ። ማሽኑ ካለበት ክፍል ምንም ነገር ወደዚያ መግባት የለበትም፣ እስክሪብቶ እንኳ። ማሽኑ ያባዛው ዘር ሰው አያሳምምም፤ ግን ዓይን አያየውም፣ በጨርቅም በጫማም ይሄዳል። ምክንያቱ እስከ ሐሙስ ካልተገኘ ሥራውን ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች። ኮንትራቴ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ያልቃል።"

ተነስቼ የታጠበውን ሰሃን እንደገና አጠብኩ።

የንጹሑ ክፍል በር ላይ የጽዳት ሠራተኛ እንዳይገባ የሚል ወረቀት አለ። ወለሉን የሚያጸዱት እዚያው የሚሠሩት ናቸው። ከወር በፊት በበሩ መስተዋት በኩል ሳልፍ ሮተምን አየኋት፤ ተንበርክካ በጨርቅ ወለል ትወለውላለች። እኔ በዚህ አገር ሃያ ሁለት ዓመት ባልዲ የተሸከምኩት እሷ እንዳትሸከም ነው። ከማግስቱ ጀምሮ እሷ ሳትመጣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እየከፈትኩ አጸዳላት ጀመር። ወለሉንም ጠረጴዛውንም። በኮሪደሩ መጀመሪያ የሚገኘው የማሽኑ ክፍል ነው፤ ቀጥሎ የእሷ። ባልዲውም ያው፣ ጨርቁም ያው።

ሮተም በነገረችኝ ማግስት የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ለባልደረባዬ ለትርንጎ ነገርኳት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ደመና ስታዪ ጎርፍ ወሰደኝ የምትይ ነሽ" አለችኝ። "ዝም በይ። እሷ ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ ታገኛለች። አንቺን በሃምሳ ስድስት ዓመትሽ ማን ይወስድሻል? ጊቫት ሽሙኤል ከተማ ሄደሽ በሰው ቤት አሮጊት ልታጥቢ ነው?"

"አሮጊት ማጠብ ነውር ነው እንዴ?"

"ነውር አይደለም። ወገብሽን ግን ጠይቂው።"

ወገቤን ጠየቅሁት፤ እውነቷን ነው። ቢሆንም ባልዲዬን ይዤ ወደ ኖጋ ሄድኩ። ሮተም እዚያው ቆማ ነበር። በተሰባበረ ዕብራይስጤ ሁሉንም ተናገርኩ። ሮተም ፊቷ ደም መሰለ።

ኖጋ አልጮኸችም። "ከመጀመሪያው አሳዪኝ" አለች። በባዶ ባልዲ እንደ ልማዴ ከክፍል ክፍል ዞርኩ፤ እሷ እየተከተለች ከጨርቁ፣ ከባልዲው፣ ከወለሉ፣ ከጠረጴዛው በትንንሽ ጥጥ ጠረገች። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ መልስ ሰጠ። ግርሻ ያለበት ማሽኑ ላይ ይበራል፤ ጨርቄ ከበሽተኛው ደም ቀድሞ በራ።

"አንቺስ?" አለቻት ኖጋ ሮተምን። "በየቀኑ በኢኮኖሚካ በረኪና ማጠብ ነበረብሽ።"

"ስመጣ ንጹሕ ሆኖ አገኘዋለሁ" አለች ልጄ መሬት መሬቱን እያየች። "ስለዚህ ተውኩት።"

የነበረውን መድኃኒት ሁሉ ደፉት። ክፍሉን ከጣሪያ እስከ ወለል በኢኮኖሚካ አጠቡት። እሑድ ሥራ ሲጀመር ውሃው ዝም አለ፤ ሰኞም ዝም አለ። የሮተም ኮንትራት ለሦስት ወር ተራዘመ። ለሦስት ወር ብቻ። እኔን ቀብላኑ ሮሽ ሃዓይን ወዳለ ፋብሪካ አዛወረኝ፤ ሁለት አውቶቡስ ነው።

ሮተም ሳምንት ሙሉ እራቷን ክፍሏ ውስጥ በላች። ስትወጣ ያለችኝ፣ "ማን ጠየቀሽ ኢማ? ማን?" ነው። ያልጠየቀችኝን ሳደርግላት ነው ያሳደግኋት፤ ሌላ መንገድ አላውቅም።

አንድ አርብ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

"ዘዴው ለጎንደር ሊላክ ነው። ሠላሳ ገጽ ነው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። እዚያም የምታጸዳ ሴት አለች፤ ለእሷ የተጻፈ ነገር የለም። ኖጋ እናትሽ ትጻፍላት አለች።"

"ብሳሳትስ?"

"ያላ ኢማ፣ ጻፊ።"

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ነው። ለየክፍሉ ለብቻው ባልዲ ይሁን ብዬ ጻፍኩ። ከማሽኑ ክፍል የወጣ ጨርቅ የትም አይግባ። ወለሉ ንጹሕ ቢመስልም ይታጠብ።

"በሰደር፣ እሺ በቃ" አለች ሮተም።

"ቆይ። እዚያ የምታጸዳዋ ላቦራቶሪው ውስጥ ዘመድ አላት?"

"እኔ ምን አውቄ?"

ከታች አንድ መስመር ጨመርኩ፤ "እህቴ፣ የተከለከልሽው ክፍል ውስጥ የገዛ ልጅሽ ተንበርክካ ወለል ስትወለውል ብታያትም እንኳ አትግቢ።"

ሮተም አነበበችው። በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ያቺ ሴት ማንበብ ባትችልስ እያልኩ እጨነቃለሁ።