«ሞጆ ላይ ውረጂ»ን ማን ደረሰው?

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የእኔ ኪቦርድ ያልዳረው ሐበሻ ካለ በድብቅ ያገባ መሆን አለበት። ከሠርግ ሠርግ ዘፈን ይለያያል፤ «ሞጆ ላይ ውረጂ»ን ያልተጫወትኩበት ሠርግ ግን የለም። ዘመዳ ዘመዱ ወንበሩ ላይ ማንቀላፋት ሲጀምር እሷን እለቃታለሁ፤ ጉልበቴን አመመኝ ያለው ሁሉ ይነሳል። ባቡር ውስጥ ያያትን ልጅ «ድሬዳዋ ምን አለሽ፣ ሞጆ ላይ ውረጂ» እያለ የሚለማመጥ ጎረምሳ ዘፈን ነው። መጨረሻው ላይ ያቺ የታወቀች ጭራ አለች። መጀመሪያ ሦስት ድምፅ አንድ ላይ ተስቦ ይነፋል፣ ቀጥሎ በመካከላቸው ያለው ሁሉ ባንዴ ይጋጫል፣ በመጨረሻ የመሀሉ ድምፅ ብቻውን ይቀራል። ባቡሩ ነው ይባላል። ጡሩምባው፣ የፉርጎዎቹ ግጭት፣ ከዚያም የሚርቀው ፉጨት። እኔማ ላሻሽለው ብዬ ኪቦርዴ ላይ እውነተኛ የባቡር ጩኸት ጭኜበታለሁ። ሕዝቡም ጭራዋን አብሮኝ ይጮሃል።

ዘፈኑ የማን ነው ከተባለ መልሱ አንድ ነው፤ «የሕዝብ»።

በ2011 የጸደይ ወራት የማኅበራችን ሊቀመንበር ከፈለ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አዳራሽ ተከራይቶ የድሮ ዘፈኖች ምሽት ሊያዘጋጅ ተነሳ። አጃቢው እኔ ነኝ። የእያንዳንዱ ዘፈን ደራሲ ስም በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ እንዲታተም ተወስኖ ነበር፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። ስሂን የምትባል የማላውቃት ሴት ኮል አደረገችኝ።

«ወንድሜነህ፣ ይቅርታ፣ ቢዚ ነህ? ‹ሞጆ ላይ ውረጂ› የአባቴ ዘፈን ነው። ለከፈለ ብነግረው ሳቀብኝ።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር። እዚህ አገር የማንን ዘፈን ብታነሱ «እኔ ነኝ የደረስኩት» የሚል አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ለከፈለ ስደውል እሱም ይህንኑ አለኝ።

«ቀደዳ ነው ወንዴ! ሰውየው በወረቀት ላይ ቀዳዳ እየበሳሁ ነው ዘፈን የምሠራው ይላል። ቀዳዳና ቀደዳ! ደግሞ ስሙ ማን መሰለህ? ሰረቀብርሃን! ሰረቀ! ስሙ ራሱ እየተናዘዘ እኮ ነው።» የራሱ ቀልድ አሳቀው። «ፕሩፍ ካለው ያምጣ። ሰኞ ጠዋት ፕሪንት ይደረጋል።»

ቀልዱ ሽማግሌው ጆሮ ደርሷል። ስሂን እንደነገረችኝ፣ አባቷ ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ በአግባቡ አልበላም። እኔ ደግሞ ሰው በስሙ ሲቀለድበት ደሜ ይፈላል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናዬን አስነስቼ ወደ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ።

ጋሼ ሠረቀብርሃን የሚኖሩት ለአረጋውያን በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከታች ያለው ሳሎን ውስጥ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከራቫታቸውን አስረው፣ ከስሂን ጋር ከአንድ አሮጌ ፒያኖ አጠገብ ጠበቁኝ። ሰማንያ አልፏቸዋል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጉልበታቸው ላይ አጣምረው ይዘውታል።

«ኪቦርድ ተጫዋቹ አንተ ነህ? ቁጭ በልና እዚህ ታች እርገጥ» አሉኝ።

ፔዳሉን ረገጥኩ። እንደ አንጥረኛ ወናፍ ተነፈሰና የፒያኖው ቁልፎች ማንም ሳይነካቸው መውረድ መውጣት ጀመሩ። ፒያኖላ ነው። ከፊት ለፊቱ የወረቀት ጥቅል ይዞራል፤ ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ ባለበት ሁሉ አየር ያልፍና የዚያ ቀዳዳ ቁልፍ ይመታል። አጭር ቀዳዳ አጭር ድምፅ ነው፣ ረጅም ቀዳዳ ረጅም ድምፅ። እዚያ ሕንፃ የነበረች አንዲት አሜሪካዊት ትታው ሞታ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ኖሮ፣ ጠግነው ነፍስ የዘሩበት እሳቸው ናቸው።

ከደብረ ብርሃን ቅኔ ቤት ወጥተው አዲስ አበባ የገቡት በልጅነታቸው ነው። ላጋር አጠገብ ከነበረ የአንድ ግሪክ ሆቴል ወለል ለመጥረግ ተቀጠሩ። ሆቴሉ እንዲህ ያለ ፒያኖላ ነበረው፤ ጥቅሎቹ ግን የፈረንጅ ዳንስ ብቻ ናቸው። ጠራጊው ልጅ ጠዋት ጠዋት መጥረጊያውን አስደግፎ የትኛው ቀዳዳ የትኛውን ቁልፍ እንደሚመታ ያጠናል። ከዚያ የሲሚንቶ ከረጢት ቀደደ፣ አስተኮሰ፣ በስፌት ወስፌና በምላጭ የራሱን ዘፈን ወጋበት። የሚያየው ኖታ የለ፣ የሚያስተምረው ሰው የለ። የመጀመሪያውን ጥቅል ሲያጫውተው የሆቴሉ ወጥ ቤት «ፒያኖው አማርኛ ቻለ!» ብላ እልል አለች። የከተማው ሰው ሰይጣን የሚመታውን ፒያኖ እናያለን እያለ ጎረፈ። በኋላ ዘፋኙም ባንዱም መምጣት ጀመረ። አብዛኞቹ ኖታ ስለማያነቡ ፔዳሉን እየረገጡ ከጥቅሉ ላይ ይለቅማሉ፣ የለቀሙትን ሸክላ ያስቀርጻሉ። አዲስ ዘፈን የፈለገ ሁሉ ላጋር ይመጣ ነበር። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ አንድ ጊዜ እንኳ «እኔ ነኝ» ብለው ደረታቸውን አልነፉም። ቀናሁባቸው። እኔ ቁልፍ ተጭኜ ከበሮ አስመታለሁ፤ እሳቸው ከሲሚንቶ ከረጢት ፒያኒስት ፈጥረዋል።

«ጥቅሎቹስ የት ደረሱ?» አልኳቸው።

«ሆቴሉ ሲወረስ ፒያኖላው ለማገዶ ተፈለጠ። ወረቀቱ ስኳር ተጠቀለለበት።»

«እንግዲያው ማስረጃ የለማ፣ ጋሼ።»

«አለ እንጂ። የሁሉም ጥቅል መጨረሻ ላይ ስሜን እጽፍ ነበር። እሱን አንተ በየሳምንቱ ትጫወተዋለህ።»

አልገባኝም። ስሂን ነጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ በስፋቱ የፒያኖው ቁልፎች ቦታ በእርሳስ ተሰምሯል። ወስፌና ምላጭ አቀበለችኝ።

«የዘፈኑ የድሮ ሸክላ አለህ?» አሉ ጋሼ።

ስልኬ ላይ አለ፤ ባቡር ያልጨመርኩበት፣ እንዳለ ከሸክላው የቀዳሁት።

«ጭራዋን ስማና የሰማኸውን ብቻ ውጋ። ልክ እንደምትጽፍ ከላይ ወደ ታች። እኔ ካሳየሁህ ቀደደ ይሉኛል።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጭራዋን ደጋግሜ ሰማሁ። ሦስት ድምፅ አንድ ላይ፣ ረጅም። ሦስት ረጃጅም ቀዳዳ ጎን ለጎን አራርቄ ወጋሁ። ግጭቱ በሦስቱ መካከል ያሉት ቁልፎች በሙሉ ናቸው፤ ከሥራቸው ከግራ እስከ ቀኝ ደረደርኩ። የመጨረሻው የመሀሉ ድምፅ ብቻውን ነው፤ ከመሀል ወደ ታች አንድ ረጅም ቀዳዳ። ምላጩን አስቀምጬ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ፀሐይ በቀዳዳዎቹ ገባች።

ሠ።

ሦስት ጣት፣ ታች የሚያያይዛቸው መስመር፣ ከመሀል የሚወርድ እግር። ንጉሡ ሠ ራሷ! እኔ ሠርግ በመጣ ቁጥር ባቡር የማስጮህባት፣ እናቴ ወጥ እያማሰለች የምታፏጫት፣ የሰው ፊርማ ኖራለች። ስሂን አፏን በእጇ ያዘች። እኔ እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩም።

«ለምን ሙሉ ስምዎን አልጻፉም?» አልኳቸው።

«ለጆሮ ይበዛል። እሷ ደግሞ ትበቃለች። በንጉሡ ሠ ከጻፍከኝ ወጣ፣ ፈነጠቀ ማለት ነው። በእሳቱ ሰ ከጻፍከኝ ሌባ ነኝ። የኔታ ገና ፊደል ስቆጥር ‹በዚች ፊደል ጠንቀቅ በል፣ ወይ ፀሐይ ነህ ወይ ሌባ› ብለውኝ ነበር። ተጠንቅቄ ኖርኩ።»

እዚያው ቆሜ ለከፈለ ደወልኩ፣ ወረቀቱንም ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ከፈለ ፕሩፍ ወዳድ ሰው ነው። ሸክላውን ራሱ ከፍቶ አዳመጠና መልሶ ደወለ። «ወንዴ፣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ» አለኝ። «ስማቸው ይገባል። ይቅርታም እጠይቃቸዋለሁ።»

ጠየቀም። በምሽቱ ዕለት በር ላይ ተቀብሎ ጉልበታቸውን ሊስም አጎነበሰ፤ አነሱት። ፊተኛው ረድፍ አስቀመጣቸውና የፕሮግራሙን ወረቀት በኩራት ሰጣቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀብዬ አየሁት። «ሞጆ ላይ ውረጂ። ግጥምና ዜማ፦ ሰረቀብርሃን»። በእሳቱ ሰ! ለስንት መቶ ሰው በደማቅ ቀለም «ሌባ» ተብሎ ታድሏል። ከፈለን አንገቱን ልይዘው ነበር።

«ኮምፒዩተሩ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው፣ ሁለቱ ያው መስሎኝ» አለ ምስኪኑ፤ ላብ አጠመቀው። ስሂን ወረቀቶቹን ሰብስበን በእስክሪብቶ እናርም አለች።

ጋሼ እጄን ያዙኝ። «ተዉት። አንተ ብቻ ባቡሩን አውጣልኝ።»

የባቡሩን ጩኸት ከኪቦርዴ አጠፋሁ። ተራው ሲደርስ ማይኩን ይዤ ጭራዋ ባቡር እንዳልሆነች፣ የማን ፊርማ እንደሆነች፣ በየትኛዋ ፊደል እንደምትጻፍ ተናገርኩና ጀመርኩ። አዳራሹ ተነሳ፤ እስክስታው፣ ጭብጨባው፣ ሁሉም እንደ ልማዱ። ጭራዋ ስትደርስ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ልማዳቸውን አውቃለሁ።

አዳራሹ በሙሉ በአፉ አወጣት። ሦስቱን ድምፅ ሳበ፣ ግጭቱን ጮኸ፣ የመሀሉን ብቻውን ያዘ። ማንም መጀመሪያ ማቆም አልፈለገም። ጋሼ ሠረቀብርሃን በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ከድምፁ ጋር እኩል ፊደሏን ጻፉ፤ ሦስት ጣት፣ መስመር፣ እግር።

ድምፁ ሲያልቅ ወደ ልጃቸው ዞር አሉ።

«የረሱኝ መስሎኝ ነበር» አሏት። «ለካ ይሄን ሁሉ ዓመት ስሜን ሲጠሩ ነው የኖሩት።»