ሩዶልፍ የማን ልጅ ነው?

ድሬ ውስጥ በርጫ ላይ የወጣ ቅጽል ስም ከመታወቂያ ይበልጣል። መታወቂያ ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ የአይሱዙ ሹፌሩ ዋበሪ «ዲዝል የሰው ስም ነው፤ ሞተሩን የሠራው ሩዶልፍ ዲዝል የሚባል ጀርመን ነው» ብሎ የጫት ጓደኞቹ ሲስቁበት፣ ነገሩን እንደ ቀልድ አላየውም። በተለይ ታይዋን ገበያ ውስጥ ስልክ የሚሸጠው ሚክዳድ፣

«ነገ በርጫ ላይ ካላስመሰከርክ ስምህ ናፍጣ ነው። ልጆችህም የናፍጣ ልጆች» ሲለው።

የስልክ ማስረጃ አይቆጠርም። ባለፈው ክርክር ሁሉም ከየስልኩ ለየራሱ ማስረጃ አውጥቶ፣ ሁሉም አሸንፎ ነበር። የከለከለው ስልክ ሻጩ ሚክዳድ ራሱ ነው።

ጠዋት ሁለቱም ቤተ መጻሕፍት ሄዱ፤ ዋበሪ ለማስረጃ፣ ሚክዳድ ሱቁን ዘግቶ ለመሳቅ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ስምረት ወፍራሞቹን ኢንሳይክሎፒዲያዎች አሳየቻቸው።

«በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው የተደረደሩት። እዚሁ ይነበባሉ እንጂ አይወጡም።»

ዋበሪ የ«አር»ን ቅጽ አወረደ። ጣቱን እያስኬደ ሩዶልፍ ላይ ደረሰ።

«አለ!»

ሚክዳድ ጎንበስ አለ። «ይሄ እኮ ንጉሥ ነው።»

«ቀጥሎ ያለውስ?»

«እሱም ንጉሥ።»

«ከሱ በታች?»

«ሐይቅ። ኬንያ ድንበር ላይ።» ሚክዳድ ቀና አለ። «አቦ፣ ሐይቅ ነው ሞተር የሠራልህ?»

«እዚህ ቀስ ተብሎ ነው የሚወራው» አለች ስምረት።

ዋበሪ ገጹን ወደፊትም ወደኋላም ገለጠ። ሌላ ሩዶልፍ የለም። ሚክዳድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ፦

«ሰው ከሆነ የማን ልጅ ነው? ሰው አባት አለው፣ ወላሂ።»

ዋበሪ መጋላ ሰፈር ገብቶ «ዮኒስ!» ብሎ ቢጣራ ከየበሩ ዮኒስ ይወጣል፤ የሚፈለገው ዮኒስ የሚገኘው የማን ልጅ እንደሆነ ሲነገር ነው። ፈረንጁን ግን እንደ ድሬ ሰው በራሱ ስም ሲፈልገው አረፈደ።

«የአባቱ ስም ዲዝል ነዋ!» ብሎ የ«ዲ»ን ቅጽ ሳበ።

ሰውዬው ከነፎቶው ተቀምጧል፤ መነጽር፣ ሪዝ፣ ክራቫት። ሚክዳድ ብዙ አየው።

«ሞተር የነካ እጅ አይመስልም» አለ።

ፎቶው ላይ እጁ አይታይም።

«ስምረት እህቴ፣ ለዛሬ ከሰዓት ብቻ ልውሰደው» አለ ዋበሪ።

«አይወጣም አልኩህ እኮ፣ ወንድሜ።»

ፎቶ ቢያነሳው የስልክ ማስረጃ ይሆናል። የቀረው ምስክር ሚክዳድ ነው። እሱ ደግሞ የመጣው ለመሳቅ ነው።

በርጫው ላይ ሁሉም ወደ ሚክዳድ ዞረ። ሚክዳድ ጫቱን ቀነጠሰ፣ ለስላሳ ለስላሳውን መረጠ፣ ጎረሰ። ዋበሪ ላቡን ጠረገ፤ ሙቀቱም ነበር።

«ሰው ነው» አለ ሚክዳድ በመጨረሻ። «በአባቱ ስም ተጽፎ አይቼዋለሁ። ሪዙ ከዐብዲናሲር ሪዝ ይበልጣል።»

ዐብዲናሲር ሪዙን ዳበሰና ሌላ ክርክር ከፈተ። በመሀል አንዱ፣

«ዋበሪ፣ ውሃውን አቀብለን» አለ።

«ምን አልክ?» አለ ዋበሪ፣ በደንብ ሰምቶት።

«ዋበሪ፣ ውሃውን!»

አቀበለው።