ድፍን ብር

፩

«ይሄ ብር አይደለም» አለ አባዬ።

ሳሎን ያሉት ሽማግሌዎች ሦስት ናቸው። እኔ ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜአለሁ። የምታጨው እኔ ነኝ፤ ትርንጎ እባላለሁ። መቀመጥ አቅቶኛል።

፪

ቶሎ ቶሎ ነው የማወራው፣ ታገሱኝ። አባቴ አበጋዝ፣ ደሴ ከተማ ፒያሳ ላይ ብር አንጥረኛ ነው። ጠገራ ብር የሚገዛም የሚሸጥም መጀመሪያ እሱ ጋ መጥቶ ያስመረምራል። «አበጋዝ ያለው አለቀ» ይባላል። ዛሬ እሑድ ጠዋት ግን ብሩ የመጣው በእኔ ጉዳይ ነው። ደምሰው፣ የምወደው ልጅ፣ ሽማግሌ ልኮ ለቃል ማሰሪያ አንድ ማርትሬዛ ጠገራ ብር አስይዟቸዋል። መሪያቸው ጎረቤቱ ሼህ ይመር ናቸው። «የምወደው» ያልኩት ሳላፍር ነው።

፫

አሮጌ ጠገራ ብር እንዴት ይመረመራል? (ለአንባቢ)

ሀ. በመዳፋችሁ ያዙት። ከቀለላችሁ እዚያው መልሱት።

ለ. ብሩ ላይ የተቀረጸችውን የሴትዮዋን ደረት እዩ። ጌጧ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ዘጠኝ መሆን አለባቸው። ከተፋቁ ብዙ እጅ ነክቶታል ማለት ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል።

ሐ. ዓመቱን አትመኑ። ሁሉም ላይ 1780 ነው የተጻፈው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የተመታውም ላይ ጭምር። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ደብቃለች፤ እኔ አልፈርድባትም።

መ. ድንጋይ ላይ ጣሉት።

፫ (እንደገና፣ ተቻኩዬ ነው)

መ. ድንጋይ ላይ ጣሉትና ጆሯችሁን ስጡት። እውነተኛው ብር ይዘፍናል፤ ትንንን ብሎ ይቆያል። ሐሰተኛው ግን

ጧ።

ከጓዳ ሆኜ የሰማሁት ሁለተኛውን ነው።

፬ (ሆን ብዬ ባዶ ተውኩት)

 

፭

ከመጋረጃው ጀርባ የተሰማ፦

ሼህ ይመር፦ አቶ አበጋዝ፣ ልብ ብለው ይዩት እንጂ። ድፍን ብር ነው።

አባዬ፦ ድፍኑስ ድፍን ነው። ብር ነው ወይ ነው ጥያቄው።

ሼህ ይመር፦ ኧረ የሰው ልጅ እንዲህ አይዋረድም!

አባዬ፦ እኔ ማንን አዋረድኩ? በሐሰት ብር ልጄን ሊወስድ የላከ እሱ ነው ያዋረደኝ። ዛሬ በዚህ ከጀመረ ነገ በምን ሊያታልላት ነው?

(የወንበር መንቋቋት።)

ሼህ ይመር፦ በሉ ተነሱ፣ እንሂድ።

፮

አንባቢዬ፣ የጨነቀኝን ልንገራችሁ። አባዬ ክፉ ሰው አይደለም። ጆሮውም አልሳተም፣ እኔም ሰምቻለሁ። ደምሰውን ግን አውቀዋለሁ፤ ባለሱቅ ተሳስቶ ትርፍ መልስ ሲሰጠው መንገድ አቋርጦ የሚመልስ ሰው ነው። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ አንዴ ከዚህ በር ከወጡ አበቃልኝ። አታላይ ተብሎ የተመለሰ ሽማግሌ ተመልሶ አይመጣም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሳላገባው ልቀር ነው ብዬ ፈራሁ።

ጓዳውን ዞርኩት። እንደገና ዞርኩት። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ አዞርሽኝ እኮ!» አለችኝ።

ድፍን።

ሼህ ይመር ለምን «ድፍን» አሉ? ያልተበሳን ብር ማን ድፍን ነው እያለ ይምላል?

፯

ስልክ፣ በሹክሹክታ፦

እኔ፦ ደምሰው፣ ብሩን ከየት ነው ያመጣኸው?

እሱ፦ የእማዬ ነው፣ የአንገቷ። ምነው? ምን አሉ?

እኔ፦ የአንገት ከሆነ ቀዳዳ ነበረዋ!

እሱ፦ ነበረው። እማዬ ናት፣ ቀዳዳ ነገር ለትዳር አይሰጥም፣ ኑሮ ያፈሳል ብላ… ድፍን ይሁንላቸው ብላ በያጅ ጋ ወስዳ አስደፈነችው።

እኔ፦ በምን?

እሱ፦ እኔ ምን አውቄ። በቆርቆሮ መሰለኝ። ከዚያ በአመድ አሽታ አሽታ አሳመረችው። ትርንጎ፣ ምን ተፈጠረ?

ዘጋሁበት። ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም።

፰

የመመሪያው ማሟያ፦

ሠ. የተበሳ ብር ዋጋው ይወርዳል። ተበስቶ የተደፈነ ደግሞ ይብሳል፤ ድፍኑ ድምፁን ያፍነዋልና እንደ ሐሰተኛ «ጧ» ይላል። ሰብሳቢዎች አይፈልጉትም። ብርነቱ ግን የትም አልሄደም።

፱

የምትታጭ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም።

ወጣሁ።

እናቴ ቀሚሴን ይዛ ነበር፤ አስለቀቅኳት። ሼህ ይመር በሩ ጋ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን እያጠለቁ ናቸው።

«ትርንጎ!» አለ አባዬ። እንዲህ ጮሆ የጠራኝ በሕፃንነቴ ብር የሚፈትንበትን አሲድ ልነካ ስል ብቻ ነው።

ብሩን ከጠረጴዛው አነሳሁት። ከሴትዮዋ ራስ በላይ፣ ጠርዙ አጠገብ፣ ጥፍሬን አንድ ሻካራ ነገር ያዘው። ከጓዳ ይዤ የወጣሁትን የእናቴን ወስፌ እዚያ ላይ አቁሜ ጠረጴዛው ላይ በነበረው በአባዬ መዶሻ መታሁት። አልወጣም። ደግሜ መታሁት። አንዲት ግራጫ ፍንጣሪ መሬት ላይ ተንከባለለች። የሰው እናት በስንት ሐሳብ ያስደፈነችውን ነው የበሳሁት።

«የእናቱ የአንገት ነበር፣ አባዬ» አልኩ። «ቀዳዳው አሳፍሯት በቆርቆሮ አስደፈነችው። አላታለሉህም፤ አክብረውህ ነው። እባክህ ድገመው።»

፲

አባዬ አንድን ብር ሁለቴ ጥሎ አያውቅም። ሁለተኛ መጣል «ተሳስቼ ይሆናል» ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ለእናቴም ብሏት አያውቅም። ብሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መስኮቱ አነሳው። በቀዳዳዋ አሾልኮ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። እንባዬ መጥቶ ነበር፣ አልደበቅኩትም።

ጣለው።

ትንንንንን

እንደ ሙሉው ባይረዝምም ዘፈነ። ሼህ ይመር ሰሙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰሙ። እናቴ እልል ልትል የከፈተችውን አፏን በእጇ ያዘችው።

«እህ፣ አቶ አበጋዝ?» አሉ ሼህ ይመር፣ አንዱን ጫማ አድርገው፣ አንዱን በእጃቸው እንደያዙ።

፲፩

አባዬ፦ ብር ነው። ጫማዎን ያውልቁና ይቀመጡ።