ከውጭ የሚዘጋ በር

የመጨረሻዋ ብሎን አልገባም ብላ አስቸገረችው። ቁልፌ ከትንሿ ክፍል በር ፊት ተንበርክኮ ካቻቢቴውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሲያጠብቅ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ነበር። ዕድሜ ልኩን በር ሲያበጅ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ግን ሠርቶ አያውቅም። መቀርቀሪያው ከሱቁ መርጦ ያመጣው ወፍራም የነሐስ ዕቃ ነው፤ እንከን የለውም። ግራ የሚያጋባው የተገጠመበት ቦታ ነው። ሰው በሩን የሚቀረቅረው ከውስጥ ነው፣ ውጭ ያለው እንዳይገባበት። ይሄኛው የተገጠመው ከውጭ ነበር።

ቁልፌ የሚሉት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ እንኳ የለም። ቁልፍ ይቀርጻል፣ ይጠግናል፣ ቁልፉ የጠፋበትን ሰው በር ይከፍታል። የራሱ ቤት ግን ሌላ ጉድ ነው። እሱ የግቢውን በር ከፍቶ ቤት እስኪገባ ሌላው ምሳውን በልቶ ይነሣል እያሉ ጎረቤቶቹ ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ማታ ግን ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ ሳይነካካ አይተኛም።

በጸሎት ቡድኑ ውስጥ የታወቀባት አንዲት ጸሎት አለችው። «ጌታ ሆይ፣ ያልከፈትኩልህ በር ካለ አሳየኝ» ይላል ሁልጊዜ። ከቁልፍ ሠሪ አፍ ስትወጣ ታምራለች፤ የቡድኑ ሰዎችም ፈገግ እያሉ አሜን ይሏታል። እውነቱን ለመናገር እሱም ይወዳታል። ጌታ ተቀብሎ መልስ ይሰጥባታል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም።

ባለፈው እሁድ መጋቢው ከመድረኩ ወርዶ ወንበሮቹ መሃል ቆመና፣ «ከወህኒ የሚወጣ አንድ ወንድም አለን» አለ። እዚያ ሳለ ጌታን ያገኘ፣ የሚጠብቀው ዘመድ ያልቀረለት ሰው ነው። ማረፊያ እስኪያገኝ የሚቀበለው ማን ነው?  ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። መዝሙሩ ከቁልፌ ጆሮ ገና አልወጣም ነበርና እጁ ከጭንቅላቱ ቀድማ ተነሣች። ጉባኤው አጨበጨበለት።

የሰውዬውን ማንነት መጋቢው ለብቻው ጠርቶ የነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በሰፈራቸው ዳገቱ ላይ ያለውን ቤት በር ሰብሮ ገብቶ አባወራውን የገደለው ሰው ነበር። «አልችልም ብትል ማንም አይፈርድብህም» አለው መጋቢው። ቁልፌ የጭብጨባው ሙቀት ገና አልለቀቀውምና «ጌታ ያውቃል» ብሎ ወጣ። የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ሲወርድ ግን መሃል ላይ ቁጭ አለ።

ያን በር ያውቀዋላ። ከግድያው በነጋታው ተጠርቶ ሄዶ የጠገነው እሱ ነበር። ቁልፉ ደህና ነበር፤ የተሰነጠቀው መቃኑ ነው። ደፉ ላይ ታጥቦ ያልለቀቀ ነገር አለ፤ አንድ የቤት ጫማ ግድግዳው ሥር ተገልብጦ ቀርቷል። ሚስትየዋ ቆማ ስታየው ቆየችና «አሁን ይበቃል? ሁለተኛ ማንም አይገባም?» ብላ ጠየቀችው። «አይገባም» አላት። በዚያ ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ ሱቁ ደጃፍ ተሰለፈ። እሱም የራሱን ቤት መቆለፍ የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ እስካሁንም አልጨረሰም።

ካቻቢቴውን ኪሱ ሲከት ባለቤቱ ከስፌት ሥራዋ ተመለሰች። ክር የተለጣጠፈበትን ቀሚሷን እያራገፈች መተላለፊያው ላይ ደረሰችና ቆም አለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መቀርቀሪያ።»

«እሱንስ አየሁት። ለምን ከውጭ?»

«ለጥንቃቄ ነው። ልጅ አለችን እኮ።»

ባለቤቱ መቀርቀሪያውን በጣቷ ነካ አድርጋ ጣቷን መለሰች። ትቆጣለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልተቆጣችም፤ ይህም ባሰበት።

«እጅህን ያነሣኸው አንተ ነህ። እኔ ገና እያሰብኩ ነበር» አለች። ቆየት ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔም ፈርቻለሁ። ከእሁድ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ግን ፍርሃቴን ወስጄ ሰው በር ላይ አልሰቅልም።»

 መልስ ሳትጠብቅ አዲሱን አንሶላ ይዛ ወደ ትንሿ ክፍል ገባች። አልጋውን ስታነጥፍ፣ ትራሱን መታ መታ ስታደርግ ይሰማዋል። ብሎኖቹን ልፍታቸው ይሆን ብሎ አሰበ። ደግሞ የስድስት ዓመት ልጁ ሳሎን ውስጥ ለአሻንጉሊቷ ስትዘፍን ሰማና እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

እኩለ ቀን ሲያልፍ ታላቅ እህቱ ደወለች። እሷም ያቺኑ ቤተ ክርስቲያን የምትካፈል፣ ከመዘምራኑ መካከል ከፊት የምትቆም ሴት ናት።

«ወንድምዓለም፣ ልጅቷን አምጣልኝ ብዬህ ዝም ትለኛለህ? እኔም የማምነው አንተ የምታምነውን ጌታ ነው። ልጅህን መሞከሪያ አድርጋት ብሎሃል?»

«እትዬ፣ አትጨነቂ። ሰውዬው የሚተኛበትን ክፍል ከውጭ የሚዘጋ አድርጌዋለሁ።»

በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። «ተመስገን! እንግዲህ እንደሱ ነው እንጂ! ፍቅርም በልኩ ሲሆን ነው። አየህ፣ መቀበሉንም ተቀበልከው፣ ቤትህንም ጠበቅህ።»

 ከዚህ ምስጋና ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እሁድ ያጨበጨቡለት ሰዎች ሁሉ ይህን መቀርቀሪያ ቢያዩ እንደ እህቱ እፎይ ብለው እንደሚያመሰግኑት ታወቀው። ከመካከላቸው አንዱም እንግዳውን አልወሰደም፤ እሱም ቢሆን እየወሰደው መሆኑን መጠራጠር ጀመረ።

ጀንበር ዘወር ስትል የመጋቢው መኪና ደጃፉ ላይ ቆመች። ቁልፌ ወጥቶ የግቢውን በር ከፈተ። ከእሁድ ወዲህ ባሉት ሌሊቶች ሁሉ በሐሳቡ የሳለው ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። ከመኪናው የወረደው ግን አንገቱ የቀጠነ፣ ሸሚዙ የሰፋው፣ ፌስታል በሁለት እጁ ያቀፈ ሽማግሌ ነበር። ይህም አላረጋጋውም። ያን መቃን የሰነጠቁት እነዚሁ ትከሻዎች ናቸው።

መጋቢው እጃቸውን አጨባብጦ፣ በአጭሩ ጸልዮ፣ ሌላ ቀጠሮ አለኝ ብሎ ሄደ። መኪናዋ ስትርቅ ቁልፌ ተከትሏት መሮጥ አማረው።

እንግዳው የግቢው በር ላይ ቆሞ ቀረ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሱ ግን አልገባም። ዓይኑን ወደ ቁልፉ ጥሎ ቆመ።  «እያጠናው ነው» አለ ቁልፌ በልቡ። የቤቱ በር ላይ ሲደርሱም እንዲሁ ቆመ። ዓይኑ ከላይኛው ቁልፍ ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ እጀታው ሄደ። ቁልፌ ከኋላው ቆሞ የገዛ ትንፋሹን ሲሰማ፣ ባለቤቱ ከውስጥ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፤ ክፍት ነው እኮ!»

«እሺ አለቃ» አለና ደንገጥ ብሎ አቀረቀረ። «ይቅርታ፣ እህቴ። አፌ ለምዶ ነው። በርም... በር ራሴ ከፍቼ መግባት ረስቻለሁ። እዚያ የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው፤ እኛ ቆመን መጠበቅ ነው።»

ባለቤቱ ወደ ቁልፌ አየች። እሱ ደግሞ ጫማውን አየ።

ልጅቷ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ሆና እንግዳውን ስትሰልል ቆየችና፣ «ፌስታሉ ውስጥ ምን አለ?» አለችው። ጎንበስ ብሎ አሳያት፤ አንድ ሹራብ፣ አንድ ሳሙና፣ ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ቅዱስ። ልጅቷ ሳሙናውን አንሥታ አሸተተች። የሰውዬው እጅ ከእጇ ጎን ነበረ፤ ትልቅ፣ ጅማታም እጅ። ቁልፌ ከዚያ እጅ ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው። «ነይ ወዲህ፣ የኔ እመቤት» አላት። የወጣው ድምፅ የእሱ አይመስልም ነበር። ሰውዬው ድምፁ ከምን እንደመጣ ወዲያው ገባው፤ እጁን ሰብስቦ ወደ ኋላው አጣመረ።

«ትንሽ ጋደም ብል ይከፋችኋል? መንገዱ አዞረኝ» አለ።

ቁልፌ በመተላለፊያው ወደ ትንሿ ክፍል ወሰደው። በሩ ፊት እንደ ልማዱ ቆመ። አዲሱ ነሐስ በምሽቱ ብርሃን ያበራል፤ ወለሉ ላይ ያልተጠረገ የእንጨት ብናኝ ነበር። ሰውዬው መቀርቀሪያውን አየ። ለረጅም ጊዜ አየው። ቁልፌ ያዘጋጀው ሰበብ ነበር፤ ክፍሉ ቀድሞ ዕቃ ቤት ነበር ሊለው አስቦ ነበር። ሰውዬው ግን ቀደመው።

«ዝጋው» አለ ሰውዬው በቀስታ። «አልቀየምህም፣ ወንድሜ። ልጅ ያለበት ቤት ነው። ያን ቤት የገባሁ ቀን ልጅ እንዳለበት አላውቅም ነበር። ትንሽ ልጅ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር።»

ይህን ብሎ ገባ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በሩን አልዘጋም። የሚዘጋው ሌላ ሰው ነውና ይጠብቃል።

ቁልፌ በሩን ገፋው፤ ገጠመ። መቀርቀሪያውን ያዘ። ዘይት ስላጠጣው ያለ ድምፅ ሄዶ መቃኑ ላይ ካለው ቀዳዳ ገባ። ፍርሃቱ በዚያች ሰዓት ይለቀዋል ብሎ ነበር የጠበቀው፤ አልለቀቀውም። ይብሱኑ ሰፋ። እስከዚያ ድረስ ሰውዬውን ብቻ ነበር የሚፈራው፤ አሁን ራሱን ፈራ፣ የነገውን እሁድ ፈራ፣ ያቺን የሚወዳትን ጸሎት እንደገና መጸለይ ፈራ። ሳሎን ገብቶ ተቀመጠ። ጆሮው ግን መተላለፊያው ላይ ቀረ። የአልጋው ሲጥታ፣ ሳል፣ ከዚያ ፀጥታ። ሳሉ ሲሰማው ይደነግጣል፤ ዝም ሲልም ይደነግጣል።

ባለቤቱ ሾርባውን አወጣች፤ ጎድጓዳ ሳህኖቹን ደረደረች፤ ለእንግዳው ከልጅቷ ጎን ቦታ አደረገችለት። ቁልፌ ቦታውን አየና ወደ እሷ ቀና አለ። ከንፈሯ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ወንበሩን ግን አላነሣችውም።

«ሂድና ጥራቸው» አለችው።

«አንቺ ብትጠሪያቸው...»

«የዘጋኸው አንተ ነህ።»

መተላለፊያው እንደዚያ ቀን ረዝሞበት አያውቅም። በሩ ጋ ደርሶ እጁን ሳያነሣ ከውስጥ ተንኳኳ። ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው፣ በጣት ጀርባ፣ በስሱ።

 ማንም ሰው የቤቱ በር ሲንኳኳ የሚለውን ቁልፌም ሳያስበው አለ፤

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሰውዬው ከውስጥ። «ሽታው ቀሰቀሰኝ። ክፍት ነው እንዴ?»

አልሞከረውም ማለት ነው። እጀታውን አልነካውም፤ ተዘግቶ ይሁን ተከፍቶ አያውቅም። መቀርቀሪያው ዘይት ጠጥቷል። በዝግታ ቢስበው አይሰማም፤ «አዎ፣ ክፍት ነው፤ እንዲያውም አልዘጋሁትም» ቢለው ሰውዬው ያምነዋል። መጋቢውም፣ ጉባኤውም ያምኑታል። ነሐሱ ከመዳፉ ሥር ቀዝቃዛ ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አልነበረም» አለ ቁልፌ።

 ሳሎን ውስጥ ልጅቷ በሆነ ነገር ከት ብላ ሳቀች። ቁልፌ መቀርቀሪያውን እንደያዘ ነው። ሰውዬው እንደ ልማዱ ቆሞ እንደሚጠብቅ ያውቃል። መቀርቀሪያውን መሳብ ጀመረ።