የመጀመሪያውን ውሃ ለማግኘት

በትጋት ብቻ የሚገኘውን ፍሬ በማታለል ላግኘው የሚል ሰው በገዛ ሥራው ይጋለጣል፤ ይህ ታሪክ የሚያረጋግጠው ይህንኑ ነው።

በካማው ክፍለ ሀገር፣ በእኛ ቦይ ዳር ሽሪምፕ የተባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ በኩሬ የሚያረቡ ሰዎች በየምርት ዘመኑ መጨረሻ ይወዳደራሉ። አሸናፊው ብዙ ያመረተ ሳይሆን ከአንድ ከረጢት መኖ ብዙ ሽሪምፕ ያወጣ ነው። ሽልማቱም በቀጣዩ ዘመን ንጹሑን የባሕር ውሃ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ኩሬው ማስገባት ነው። ባሏ የሞተባት ንያን ይህን ሽልማት ከማንም ይበልጥ ትሻው ነበር። ኩሬዋ በቦዩ ጫፍ ስለሚገኝ የሚደርሳት ሌሎች ያቆሸሹት ውሃ ነው፤ በዚህም የተነሣ ሁለት ዘመን ሙሉ ሽሪምፖቿ በበሽታ አልቀውባታል። ለሦስተኛ ጊዜ ቢያልቁ ኩሬዋን ትታ በከተማ ፋብሪካ ከመቀጠር በቀር አማራጭ አልነበራትም።

ስለዚህ መኖዋን በልክ ሰጠች። በበተነች ቁጥር ጥቂቱን በመረብ ሳህን ላይ አድርጋ ወደ ኩሬው ታጠልቃለች፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስታወጣው ትራፊ ካገኘች ቀጣዩን ትቀንሳለች።

ጎረቤቷ ትዋይ ይህን ባየ ቁጥር ይስቅ ነበር።

«እህት ንያን፣ ሽሪምፖቹን አክስተሽ የፋሽን ሞዴል ልታደርጊያቸው ነው እንዴ? አጥግቢያቸው እንጂ!»

«የአንተዎቹ ጠግበው ነው አየር አጥሯቸው ላይ ላይ የሚሉት?»

እውነቷን ነበር። ትዋይ ያለ ልክ የበተነው መኖ ከኩሬው ሥር በስብሶ ውሃውን አበላሸ፤ ከሽሪምፖቹም እኩሌታው ሞቱ። እርሱ ግን ስሕተቱን አምኖ በመታረም ፈንታ ማታለልን መረጠ። በሚዛኑ ዕለት ማለዳ፣ መኖ ሳይሰጥ በጭቃ ብቻ ከሚያረባው ከሚስቱ ወንድም አምስት ቅርጫት ሽሪምፕ አስመጥቶ ከራሱ ምርት ጋር ቀላቀለ።

የውድድሩ ዳኛ ሽማግሌው ክየም የሁሉንም ምርት መዝነው በፈጀው የመኖ ከረጢት ልክ አካፈሉና ትዋይ ንያንን በጥቂት እንደሚበልጥ አስታወቁ።

«አላልኩሽም?» አለ ትዋይ ደረቱን ነፍቶ።

ንያን ከትዋይ ቅርጫት አንድ ሽሪምፕ አንሥታ ወደ ፀሐይ ያዘችው። መስታወት በመሰለው ሥጋ ውስጥ አንጀቱ እንደ ጥቁር ክር ታየ።

«አጎት ክየም፣ እስቲ ይዩልኝ። መኖ የበላ ሽሪምፕ አንጀቱ ቡናማ ነው። ይኼ ዕድሜ ልኩን ጭቃ ሲልስ የኖረ ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው አንድ በአንድ አገላበጡ።

«ይኼም ጥቁር፣ ያም ጥቁር… ልጄ ትዋይ፣ ታዲያ ያን ሁሉ ከረጢት መኖ ማን በላው? አንተ ነህ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የትዋይ ሚስት ሳይቀር ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ተው ብዬው ነበር እኮ! ወንድሜም ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ነው ያመጣለት!»

የመጀመሪያው ውሃ በዚያው ሰዓት ለንያን ተፈቀደ። ትዋይ ለሁለት ዘመን ከውድድሩ ተሰረዘ፤ የቦዩንም ደለል አንድ ወር ሙሉ ብቻውን በአካፋ እንዲጠርግ ተፈረደበት፤ ጠረገም።