የታሸገው ፖስታ

ሀናን ረቡዕ ከደሴ ስትመለስ ፖስታውን እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ ገባች።

«እማ፣ ይቺን ሳጥን ውስጥ አስቀምጪልኝ። ማንም እንዳይነካት!»

«በኔ ቤት ማን ይነካብሻል?» አለች እናቷ ኡሙሃኒ።

ፖስታው ውስጥ ያለው ሀናን ከኮሌጅ ያመጣችው ውጤት ነው። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማዋን ከያዘች አራት ዓመቷ ነው፤ ጎብዬ እህል መጋዘን ውስጥ የማሽላ ኩንታል ስትመዘግብ ትውላለች። ዘንድሮ ግን ዩኒቨርሲቲው ዲፕሎማ ያላቸውን ሃያ ሰዎች የተማሩትን ቆጥሮላቸው ለቢዝነስ ዲግሪ ከሁለተኛ ዓመት ሊያስገባ ነው። ምዝገባው አርብ ያበቃል።

ኡሙሃኒ እንቅልፍ ያጣችው በሌላ ነገር ነበር። ባለፈው ወር ኮሌጁ አሽጎ የሰጠው ፖስታ ዩኒቨርሲቲው ጠረጴዛ ላይ ሲከፈት የሌላ ልጅ ውጤት ወጣ። ሀናን ያን ቀን እህል ሳትቀምስ ነው ያደረችው። አሁንም የሌላ ሰው ቢሆንስ?

ደግሞ አሁን ማየት ትችላለች። ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ከገባች አምስት ወሯ ነው፤ ከ«ሀ» ተነስተው «ነ» ደርሰዋል። የልጇ ስም ከነአባቷ በተማረችው ፊደል ይጻፋል።

ሐሙስ ሀናን ፈቃድ ልትጠይቅ ጎብዬ ስትሄድ፣ ኡሙሃኒ የፖስታውን አፍ በእንፋሎት አላልታ ከፈተችው። ጣቷን እያስኬደች አነበበች።

«ሀ... ና... ን። ታ... ሂ... ር።»

ታሂር ባሏ ነው፤ ከሞተ ሰባት ዓመቱ። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወረቀቱን ሳመችው፤ መልሳም በሙጫ አሸገችው። ጀርባው ላይ በቀይ የተጻፈ ነገር ነበር። ካልተማረቻቸው ፊደሎች ስለሚጀምር ተወችው።

አርብ ወደ ዩኒቨርሲቲው አብረው ሄዱ። መዝጋቢው ፖስታውን ገልብጦ ማኅተሙን ወደ ብርሃኑ ያዘው። በአፉና በፖስታው ላይ ያረፉት የክቡ ሁለት ግማሾች አልገጠሙም።

«እህቴ፣ ይሄ ተከፍቷል።»

«አልተከፈተም!»

«የኔ እህት፣ እያየሁት?»

«ወላሂ አልተከፈተም! ከእናቴ ሳጥን ነው ያወጣሁት!»

ኡሙሃኒ ልጇ በአላህ ስም ስትምል ሰምታ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። «እኔ ነኝ የከፈትኩት» አለች። «የሷ መሆኑን ላይላት ብዬ ነው ልጄ። የሷው ነው፤ አንብቤዋለሁ።»

መዝጋቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እናቴ፣ የታሸገ ካልሆነ አልቀበልም። ከኮሌጁ ሌላ አሽገው ይስጧችሁ።»

«ደሴ ደርሰን እስክንመለስ?»

«ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

«ለከርሞስ?»

«ለከርሞ ይኑር አይኑር እኔም አላውቅ።»

ሀናን ፖስታውን ተቀብላ ወጣች። በሚኒባሱ ውስጥ ከተማቸው ቆቦ እስኪደርሱ በመስኮቱ ስትመለከት ቆየች። ዋናው መንገድ ላይ ሲወርዱ የእናቷን ነጠላ አስተካከለችላትና «አብሽሪ እማ» አለች። ኡሙሃኒን ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ሰኞ ሀናን ወደ ኩንታሏ ተመለሰች። ኡሙሃኒም ወደ ትምህርት ክፍሏ። መቅረት አስባ ነበር፤ ግን ሀናን ደብተሩን አምጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

ወራት አለፉ። «ፈ»ን የተማሩ ቀን ኡሙሃኒ ቤቷ ገብታ ሳጥኑን ከፈተች፤ ፖስታውን ገለበጠች፤ ቀዩን ጽሑፍ በጣቷ ተከተለችው።

«ከ... ተ... ከ... ፈ... ተ...»

ጣቷ ቆመ። ቀጣዩን ቃል በዝምታ ጨረሰችው፦ አያገለግልም።

ሀናን ከሥራ ስትገባ እናቷን ሳጥኑ ሥር ተቀምጣ አገኘቻት። ፖስታውን አየች። ቀዩ ጽሑፍ ምን እንደሚል ለእናቷ አንድም ቀን ነግራት አታውቅም።

«ምን እያነበብሽ ነው እማ?»

ኡሙሃኒ ፖስታውን ጭኗ ላይ ገለበጠችው።

«ምንም» አለች። «ገና አልደረስንበትም።»